ሳይወድቁ መንገዳገድ፦ «ፎልተር» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግሥ እንዴት እንረዳው፣ እንዴትስ እንጠቀምበት?

የእንግሊዝኛ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ዜና የሚተረጉም ወይም ለቋንቋ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ይዋል ይደር እንጂ «ፎልተር» ከተባለው ግሥ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ፊደሉ ኤፍ፣ ኤ፣ ኤል፣ ቲ፣ ኢ፣ አር ነው። መዝገበ ቃላት ቢገልጡ ማመንታት፣ መንተባተብ፣ መንገዳገድ፣ መድከም፣ ወኔ ማጣት የሚሉ ፍቺዎች ተደርድረው ያገኛሉ። አንዳቸውም ስሕተት አይደሉም። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱን መርጠው በየደረሱበት ቢለጥፉት ኢኮኖሚው ሲንተባተብ፣ የመኪናው ሞተር ወኔ ሲያጣ፣ የስምንት ወር ሕፃን ክብደት ለመጨመር ሲያመነታ ይገኛል።

ይህን ግሥ ለመያዝ ፍቺ መሸምደድ ብዙም አይረዳም። የሚረዳው ዐረፍተ ነገሩን ፊት ለፊት አስቀምጦ ጥቂት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መጠየቅ ነው። እርሳስና ወረቀት ይያዙ፤ መጨረሻ ላይ የሚሠሩት አለ።

አጠራሩንና አጻጻፉን ቶሎ ይገላገሉ

ሲጠሩት የመጀመሪያውን ክፍል ጠበቅ፣ ሁለተኛውን ላላ ያድርጉ። እንግሊዞች የመጨረሻዋን «ር» ይውጧታል፤ አሜሪካኖች ያሰሟታል፤ የቱም ያስኬዳል። «ማጣሪያ» ከሚባለው ከ«ፊልተር»፣ «ጥፋት» ወይም «ጉድለት» ከሚባለው ከ«ፎልት» ጋር አያምታቱት። በተለይ ሁለተኛው ያሳስታል፤ «ሂ ፎልተርድ» ሲባል ሰውየው አጠፋ ማለት አይደለም። ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ብቻ ይያዙ፦ «ፎልተርድ» ወይም «ፎልተሪንግ» ሲሆን «አር» አይደገምም። «ሪፈር» የሚለው ግሥ «አር» የሚደግመው የድምፅ ጫናው መጨረሻው ላይ ስለሆነ ነው፤ እዚህ ግን ጫናው ፊት ላይ ነው።

ከእግር ይነሱ

ግሡ ጥንትም ከእግርና ከጉልበት ጋር ይሄድ ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በካንተርበሪ ተረቶቹ ውስጥ ስለ አንድ ሰካራም መልእክተኛ ሲተርክ፣ ትንፋሹ መጠጥ መጠጥ የሚለው ያ ሰው እጅ እግሩ አልታዘዝ ማለቱን የሚገልጸው በዚሁ ግሥ ነው። ሰካራሙ መንገድ ላይ ነው፤ መልእክትም ይዟል፤ አልቆመም፤ ገና አልወደቀም። የሚሄድበት አካሉ ግን እየከዳው ነው። የዛሬው አጠቃቀም ሁሉ፣ የዓለም ገበያውም የሙሽራው መሐላም፣ ከዚህ ምስል ብዙም አይርቅም።

ለኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2023 አውስትራሊያ ባተርስት ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለተሰንበት ግደይ እየመራች ወደ መድረሻው ተቃርባ ነበር። ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት ከኋላ እየደረሰችባት ሳለ የለተሰንበት እግር ተሳሰረ፣ ተንገዳገደች፣ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ወደቀች፤ ቼቤት አልፋት አሸነፈች። ይህን በእንግሊዝኛ የሚተርክ ሰው ቢያንስ ሁለት ግሥ ያስፈልገዋል። እግሯ ሲተሳሰር ያለው ቅጽበት «ፎልተር» ነው፤ መሬት የነካችበት ደግሞ «ፎል» ወይም «ኮላፕስ» ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ቢያንስም ቋንቋው ለይቶ ይይዘዋል። ያን ቀን መውደቁ ባይከተል ኖሮ እንኳ «ፎልተርድ» የሚለው ቃል እንዳለ ይቆም ነበር።

እንግዲህ ሁለት መለኪያ አገኘን። አንደኛ፣ ነገሩ ቀድሞ በእንቅስቃሴ ላይ መሆን አለበት፤ ያልጀመረ ሰው አይንገዳገድም። ሁለተኛ፣ መጨረሻው ገና አልታወቀም፤ ሊያገግምም ሊወድቅም ይችላል። ለሙከራ ያህል በግሡ ቦታ «ቆመ» ወይም «አከተመ» የሚለውን ያስገቡ። ትርጉሙ ሳይዛነፍ ከሄደ ጸሐፊው ራሱ ያለቦታው ተጠቅሞበታል ማለት ነው።

የተንገዳገደው ምንድን ነው? ባለቤቱን ይጠይቁ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። እንግሊዝኛው ለድምፅም፣ ለልብም፣ ለሞተርም፣ ለድርድርም አንዱን ግሥ ያሠራዋል። አማርኛ እንዲህ አይቆጥብም፤ ለእያንዳንዱ የራሱን አነጋገር ያበጀ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ከመተርጎምዎ በፊት የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት ፈልገው ያግኙ።

ባለቤቱ ድምፅ ከሆነ፣ «ሄር ቮይስ ፎልተርድ» ቢል፣ ምክንያቱን ከዙሪያው ያንብቡ። እናቷ ቀብር ላይ የምትናገር ሴት ከሆነች «ሲቃ ተናነቃት» ይበሉ፤ ከዚህ የተሻለ ምንም የለም። አለቃው ፊት ቆሞ ደመወዝ ጭማሪ የሚጠይቅ ሰው ከሆነ «ፈራ ተባ እያለ ተናገረ» ይሆናል። በመስቀለኛ ጥያቄ የተወጠረ ምስክር ከሆነ «ንግግሩ ተቆራረጠ» ይበቃል። እዚህ ላይ የፍርድ ቤትና የስደት ጉዳይ አስተርጓሚዎች በተለይ ይጠንቀቁ። «ተንተባተበ» ሲባል አማርኛ ሰሚ ጆሮ ላይ የውሸት ሽታ አለው፤ እንግሊዝኛው ግን ድምፁ ደከመ እንጂ ዋሸ አላለም። በአንድ ቃል የተናጋሪው ተአማኒነት ሊጎድል ይችላል።

የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሲያነቡ ደግሞ ከጥቅስ በኋላ «ሂ ፎልተርድ» የሚል ያጋጥምዎታል፤ «አለ» የሚለውን ተክቶ የገባ ነው። «እኔ… እኔማ አላየሁም» አለ ፈራ ተባ እያለ፣ ብለው ይጻፉት። ሁለት ግሥ ቢሆንብዎት አይጨነቁ።

ባለቤቱ ልብ፣ እምነት ወይም በራስ መተማመን ሲሆን ብዙ ሰው «ወኔው ከዳው» ወደሚለው ይሮጣል። እኔ አልስማማም። ወኔ የከዳው ሰው ነገሩን ትቶታል፤ ያ በእንግሊዝኛ «ሎስት ሂዝ ነርቭ» ነው። «ሂዝ ኮንፊደንስ ፎልተርድ» የተባለለት ሰው ግን ገና ሜዳው ላይ ነው፤ «ወኔው ላላ»፣ «ልቡ ራደ»፣ እንደ አገባቡም «ጉልበቱ ተብረከረከ» ይሻለዋል። በአሉታ ሲመጣ፣ ማለትም «ኔቨር ፎልተርድ» ሲል፣ «ቅንጣት አላመነታም» ወይም «ከአቋሙ ፍንክች አላለም» ብንል አማርኛው ራሱ ይቆማል።

ባለቤቱ ሞተር ከሆነ ጋራዥ ያለው ሰው አፍ ላይ ያለውን ይውሰዱ፦ «ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል»። ሞተሩ አልጠፋም፣ ግን ጉልበቱ ይቆራረጣል። ይኸው አነጋገር ለሸመገለ ሰው ማስታወስም ይሠራል።

ባለቤቱ ኢኮኖሚ፣ ሽያጭ ወይም የምንዛሪ ገበያ ሲሆን «ተንገዳገደ» ከብዶ እንዳይታይ ቁጥሩን ይመልከቱ። ዕድገቱ ቀጥሎ ፍጥነቱ ብቻ ከቀነሰ «ተቀዛቀዘ» ይበቃዋል። ወደ ታች ማዘንበል ከጀመረ «ተንገዳገደ» ይገባዋል። «ወደቀ» ወይም «ተንኮታኮተ» ግን የሌላ ግሥ ድርሻ ነው።

ድርድርና ሰላም ላይ ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል። «ቶክስ ፎልተር» የሚል ርእስ አይቶ «ድርድሩ ፈረሰ» ብሎ የሚያሰማ ጣቢያ ከሳምንታት በኋላ ተደራዳሪዎቹ ተመልሰው ሲቀመጡ ምን ሊል ነው? የሕዳሴ ግድቡን ድርድር ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ ኢትዮጵያ ዋሽንግተን በተጠራው ስብሰባ ላይ አልተገኘችም፤ ሦስቱ ተደራዳሪ አገሮች ግን በዚያው ዓመት ጁን ወር እንደገና ተገናኙ፤ ቀጥሎም ጉዳዩ ወደ አፍሪካ ኅብረት ዞረ። በእነዚያ ወራት መካከል ላለው ሁኔታ «ፎልተር» ልክ ነው፤ አማርኛውም «ድርድሩ እክል ገጠመው» ወይም «ድርድሩ ተንገራገጨ» ነው። «ፈረሰ» የሚባለው «ኮላፕስ» ሲሉ ነው። «ስቶል» ካሉ ደግሞ ባለበት ቆሟል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም።

አንድ ልዩ ቦታ አለ፤ እንግሊዝ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ይህን አንቀጽ ቀስ ብለው ያንብቡት። የጤና ባለሙያ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ «ፎልተሪንግ ግሮውዝ» የሚል ሐረግ ሊመጣ ይችላል። «ናይስ» ተብሎ የሚጠራው የእንግሊዝ የጤናና እንክብካቤ መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ በዚሁ ስም የተሰየመ ነው። የቆየው አጠራር «ፌይሊዩር ቱ ትራይቭ» ይባል ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ይሰማል። አሮጌው ስም «መውደቅ» የሚል ቃል በውስጡ ስላለ ወላጅን ያስደነግጣል፤ አዲሱ ግን ልጁ ለጊዜው ከሚጠበቀው ፍጥነት ወደ ኋላ እንዳለ ብቻ ይናገራል። ባለሙያዋ የምትመለከተው የክብደት ሰንጠረዡን ነው፦ የልጁ መስመር ሰንጠረዡ ላይ የታተሙትን መስመሮች ወደ ታች እያቋረጠ ከሄደ ምክንያቱ ይፈለጋል። ስንት መስመር ሲያቋርጥ እንደሚያሳስብ በልደት ክብደቱ ይወሰናል። ይህን ሐረግ «የዕድገት ዝግመት» ብለው ለዘመድ እንዳይተረጉሙት አደራ፤ ያ አነጋገር በኛ ዘንድ የአእምሮ ዕድገትን ስለሚያነሣ ያላሰቡት ወሬ ይፈጥራል። «ክብደቱ በሚጠበቀው ልክ እየጨመረ አይደለም» ማለት ይበቃል።

ከቅርብ ዘመዶቹ ይለዩት

የግሥ ዘመዶች ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነታቸው ጎልቶ ይታያል። ለዚህ የሚመች አንድ የታወቀ ንግግር አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2001 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዳብልዩ ቡሽ አፍጋኒስታን ላይ ጥቃት መጀመሩን ሲያስታውቁ አራት ግሦችን በአሉታ ደረደሩ፦ «ዌቨር»፣ «ታየር»፣ «ፎልተር»፣ «ፌይል»። ንግግር አዋቂ የጻፈው ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። «ዌቨር» ገና ሐሳብ ውስጥ ነው፤ ልብ ለሁለት ተከፍሎ ወዲህ ወዲያ ሲል፣ መወላወል ነው። «ታየር» መንገዱ ሲረዝም የሚመጣ መታከት ነው። «ፎልተር» ከድካሙ ቀጥሎ እርምጃ ሲከዳ ነው። «ፌይል» መጨረሻው ነው። አራቱንም «አንወላውልም» በሚለው ቢጠቀልሏቸው ተናጋሪው የሠራው መሰላል ይፈርሳል። «አንወላውልም፣ አንታክትም፣ አንብረከረክም፣ ሳይሳካልን አንቀርም» ቢባል መሰላሉ ይተርፋል። በጦርነቱ ላይ ያለዎት አስተያየት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግሦቹ ግን ለትምህርት ይመቻሉ።

«ሄዚቴት» ማመንታት ነው፤ ከመጀመር በፊትም ሊሆን ይችላል፤ በር ላይ ቆሞ ላንኳኳ አላንኳኳ የሚል ሰው «ሄዚቴት» ያደርጋል እንጂ «ፎልተር» አያደርግም። «ስታመር» ደግሞ መንተባተብ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሰውዬው የቆየ የአነጋገር ጠባይ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ በዚህ ይታወቁ ነበር፤ አውስትራሊያዊው የንግግር ባለሙያ ላየነል ሎግ ለዓመታት ሲረዷቸው ኖረዋል። ንጉሡ ይንተባተባሉ ስንል «ስታመር» ነው። እንደ ጅረት የሚናገር ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል ድምፁ ቢከዳው ግን «ፎልተር» አደረገ እንላለን። የሚንተባተብ ሰውም «ፎልተር» ሳያደርግ ንግግሩን ሊጨርስ ይችላል፤ ይህ ተቃርኖ የለበትም።

«አብረከረከኝ» ለማለት አይዋሱት

የኛ ሰው ይህን ግሥ ሲጽፍ ደጋግሞ የሚሰናከልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱም የሚመጡት ከአማርኛው ሀብት ነው።

አማርኛ ውስጥ ግሥን «አ» ወይም «አስ» ጨምሮ በሌላ ላይ ማሠራት ቀላል ነው፦ ተብረከረከ፣ አብረከረከ፤ ተንገዳገደ፣ አንገዳገደ። በዚህ ልማድ «ፈተናው አብረከረከኝ» ለማለት «ዚ ኤግዛም ፎልተርድ ሚ» ብለን እንጽፋለን። አይሆንም። «ፎልተር» ተሳቢ ሰው አይቀበልም፤ የሚንገዳገደው ራሱ ባለቤቱ ነው። ሁለት መውጫ አለ። ወይ ባለቤቱን ይቀይሩ፦ «ማይ ኮንፊደንስ ፎልተርድ ዱሪንግ ዚ ኤግዛም»። ወይ ግሡን ይቀይሩ፦ «ዚ ኤግዛም ሾክ ማይ ኮንፊደንስ»። ተሳቢ የሚወዱ ግሦች ሞልተዋል፤ «አንነርቭ» ያስደነብራል፣ «ዶንት» ገና ከሩቅ ያስፈራል፣ «ራትል» ሥራ ላይ እያሉ ያናውጣል።

ሁለተኛው መሰናክል «ተ» ናት። ተብረከረከ፣ ተንገዳገደ፣ ተወላገደ ስንል «ተ» ስላለችበት ተገብሮ ግሥ ትመስለንና «አይ ዎዝ ፎልተርድ» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዝኛው «አይ ፎልተርድ» ብቻ ነው። «ዎዝ» ከገባ ስሕተት ነው፤ ከ«ዎዝ» ቀጥሎ መምጣት የሚችለው «ፎልተሪንግ» ነው፣ «እየተብረከረክሁ ነበር» ሲሆን።

መስተዋድዱን ደግሞ እንደ ሁኔታው ይምረጡ። እምነትና ጽናት ከሆነ «ኢን» ይከተላል፤ ጫና ከሆነ «አንደር»፤ የመጨረሻው መሰናክል ላይ ከሆነ «አት»። «ሳይንገዳገድ» ለማለት «ዊዝአውት ፎልተሪንግ» ነው። ቅጽል ሲሆን «አንፎልተሪንግ» ይባላል፤ ለድጋፍና ለታማኝነት ይመቻል፣ በምስጋና ደብዳቤና በሐዘን ንግግር ላይ ያምራል።

የት ይነገራል፣ የትስ አይነገርም

«ፎልተር» የጽሑፍ ቃል ነው። ዜና፣ ታሪክ፣ ልብ ወለድና የአደባባይ ንግግር ውስጥ ይኖራል። አሜሪካ ያደገ ልጅዎ ከትምህርት ቤት መጥቶ ክፍል ፊት ቆሞ ቃል እንደጠፋው ሲነግርዎ ይህን ግሥ አያነሣም፤ «አይ ፍሮዝ» ወይም «ማይ ማይንድ ዌንት ብላንክ» ነው የሚለው። ሙሽራ በሠርጉ ዋዜማ ልቡ ቢሸሽ «ጎት ኮልድ ፊት» ይባላል። ስፖርተኛ ወሳኙ ሰዓት ላይ እጁ ቢተሳሰር ደግሞ «ቾክድ» ይሉታል፤ ይህኛው ሽሙጥ ስላለበት ለወዳጅ አይነገርም።

ለሥራ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው «አይ ኔቨር ፎልተር» ብሎ ባይጀምር ይሻለዋል። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ፉከራ ይመስላል፤ በቃለ መጠይቁ ላይ ድምፁ አንዴ ቢቆራረጥ ደግሞ ራሱ በጻፈው ይያዛል። በቋንቋ ፈተና የጽሑፍ ክፍል ግን ሠንጠረዥና ግራፍ ሲገልጹ ይጠቀሙበት። የሽያጩ መስመር ሲወጣ ቆይቶ መሐል ላይ ዝቅ ብሎ እንደገና ከተነሣ «ሴልስ ፎልተርድ ቢፎር ሪከቨሪንግ» የሚለው አጭር ሐረግ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይቆጥብልዎታል። መስመሩ ወርዶ ከቀረ አይጠቀሙበት፤ «ፎል» ወይም «ዲክላይን» ይበሉ።

አሁን እርሳሱን ያንሡ

እነዚህን አምስት የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች ይቅዱና «ፎልተር» የሚገባባቸውን ብቻ ይምረጡ። አንድ፦ ልጅቷ መድረክ ላይ ግጥሟን እያነበበች ሳለ አባቷን ከሕዝቡ መካከል አየችና ሲቃ ተናነቃት። ሁለት፦ ነጋዴው ሱቁን ልክፈት አልክፈት እያለ ወር ፈጀ። ሦስት፦ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል አንዱ ሞተር ያዝ ለቀቅ አደረገው። አራት፦ የሁለቱ ፓርቲዎች ስምምነት ትናንት በይፋ ፈረሰ። አምስት፦ ሯጯ ከ35ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እርምጃዋ ቢላላም ጨርሳ ገባች።

አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ይገባሉ። ሁለተኛው ገና አልተጀመረም፤ «ሄዚቴት» ወይም «ዌቨር» ይስማማዋል። አራተኛው አልቋል፤ «ኮላፕስ» ነው። አምስተኛውን «ፌይል» ብሎ የጻፈ ሰው ካለ «ከእግር ይነሱ» ወደሚለው ክፍል ይመለስና ሁለተኛውን መለኪያ እንደገና ያንብብ፤ ሯጯ ገብታለችና።